ሰጋቱራ የሌለበት ኮት

(ኮተቤ፣ መጋቢት መግቢያ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። መኪናው ከተሸጠ ወዲህ የእንጨት መሥሪያ በሆነው ጋራዥ ውስጥ ጡረተኛው ቀያሽ አቶ መንገሻ አንድ ጣውላ ፊታቸው አጋድመው ቆመዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገድ የባላቸውን ኮት ይዘው ገብተው በሩን ከውስጥ ዘግተዋል።)

ሸዋረገድ፦ አሽትተው።

መንገሻ፦ ምኑን?

ሸዋረገድ፦ ኮትህን። አፍንጫህን ጠጋ አድርገህ አሽትተውና ምን ምን እንደሚል ንገረኝ።

መንገሻ፦ ኮት ኮት ነው የሚለው። ሸዋዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።

ሸዋረገድ፦ እሱን ነው የምልህ። ሥራ ላይ የዋለ ሰው ልብሱ እንጨት እንጨት ይላል። ዐራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጋራዥ ስትወጣ በረንዳ ላይ አቁሜ በመጥረጊያ ነበር የማራግፍህ። ሰጋቱራው ከኪስህ፣ ከጆሮህ፣ ከቅንድብህ ሳይቀር ይወጣ ነበር። ትራስ ላይ አግኝቼው አውቃለሁ። ይኸው አሁን ሦስት ወር አለፈው፣ ሙሽራ መስለህ ትገባለህ፣ ሙሽራ መስለህ ትወጣለህ።

መንገሻ፦ ተጠንቅቄ መሥራት ጀመርኩ። ሽርጥ አለኝ አይደል።

ሸዋረገድ፦ ሽርጥህ ያውልህ ከግድግዳው ላይ። ሸረሪት አድርታበታለች።

መንገሻ፦ ሌላ ሽርጥ ነው።

ሸዋረገድ፦ የታለ?

መንገሻ፦ የሆነ ቦታ ነው ያስቀመጥኩት። ምን ሆነሻል ዛሬ? ሰው ንጹሕ ሆነ ተብሎ ይከሰሳል?

ሸዋረገድ፦ አልከሰስኩህም፤ ገና እየጠየቅሁህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?

መንገሻ፦ ምስማር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ነግሬሻለሁ።

ሸዋረገድ፦ ትናንት ዓርብስ?

መንገሻ፦ ምስማር።

ሸዋረገድ፦ ባለፈው ሳምንትም ማክሰኞና ዓርብ ምስማር። ከዚያ በፊት በነበረውም ሳምንት ምስማር። አንተ ሰውዬ ከዚህ ውስጥ መርከብ ነው እንዴ የምትሠራው?

መንገሻ፦ የትርሲት ሣጥን አለ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ መሆኑን ረሳሽው? ልጄ አንድ የእጄን ሥራ ይዛ ትውጣ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ሸዋረገድ፦ በል እንግዲህ ሣጥኑ ዘንድ እንሂድ። ያውልህ በአንሶላ የሸፈንከው። ትናንት ስትወጣ ገልጬ አየሁት። ዞርኩት፣ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁት፣ በጣቴ ዳበስኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ ያለ ሣጥን አይቼ አላውቅም። ማዕዘኑ ላይ ጣውላና ጣውላው ጥርስ ለጥርስ ተናክሶ ነው የተያያዘው፤ መሐሉ ፀጉር አያስገባም። አንድ ምስማር ግን የለበትም፣ መንገሻ። አንድ። ያ ሁሉ ምስማር የት ገባ?

መንገሻ፦ ለ... ለሌላ ነገር ነው። ለመደርደሪያ።

ሸዋረገድ፦ የቱ መደርደሪያ?

መንገሻ፦ ገና ያልጀመርኩት።

ሸዋረገድ፦ ጥሩ። ሌላም አለ። የመጀመሪያዋን በርጩማህን ታስታውሳለህ? አንድ እግሯ አጥሮ ሥሯ ካርቶን አጥፈን ያስገባንላትን? ሁለተኛዋም ብትሆን ሰው ሲቀመጥባት ታቃስት ነበር። ወድጃቸው ነበር፣ ሳላሾፍ ነው። የአንተ መሆናቸው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ይሄ ሣጥን ግን የአንተ እጅ የለበትም። ዐራት ዓመት ሲያነክስ የኖረ እጅ በአንድ በጋ እንዲህ አይሮጥም።

መንገሻ፦ ሰው አይሻሻልም? ተሻሻልኩ።

ሸዋረገድ፦ እንጨቱን ከማን ገዛኸው?

መንገሻ፦ ከሐጂ ሰይድ ነዋ። ሁልጊዜ ከሳቸው አይደለም እንዴ የምገዛው።

ሸዋረገድ፦ ሰኞ ዕለት ሐጂ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ እሳቸው ናቸው የጀመሩልኝ። «አቶ መንገሻ አሟቸው ነው? ከኅዳር ወዲህ ዐይናቸውን አላየሁም፣ ሰው ልልክ ነበር» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ወጣሁ። ባሌ እንደዋሸኝ ከእንጨት ነጋዴ ሰማሁ።

መንገሻ፦ ሐጂ አርጅተዋል። ይረሳሉ።

ሸዋረገድ፦ ሐጂ የዛሬ ሃያ ዓመት የሸጡትን ጣውላ ርዝመት ይነግሩሃል። ተወኝ። እኔም ማክሰኞ ምስማር ልገዛ ወጣሁ።

መንገሻ፦ አንቺ?

ሸዋረገድ፦ እኔ። ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ድረስ ተከናንቤ ከኋላህ ወጣሁ። አንተ በፊተኛው ታክሲ፣ እኔ በሚቀጥለው። ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ያንተን ታክሲ ጀርባ ሳይ እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቀኝ። የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ ልጇን ልትድር ሁለት ወር የቀራት፣ ባሏን እንደ ፖሊስ ስትከታተል። ካራ ስትደርስ ወረድክ። እኔም ወረድኩ። በኮብልስቶኑ ቁልቁል ሄድክ፣ ቀስ እያልክ፣ አጥር አጥሩን ተጠግተህ። እንዳልታይ ፈርተህ ነው ብዬ አሰብኩ። ከቀይ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመህ ኮትህን አስተካከልክ። አንኳኳህ። ሴት ከፈተች።

መንገሻ፦ ሸዋዬ...

ሸዋረገድ፦ አትቁረጠኝ። ረጅም ሴት። ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ዐርባ ያልሞላት። አንተን ስታይ ፊቷ በራ። ከዚያ ክንድህን ያዘችህ። እንደ ዕቃ፣ እንደ ራሷ ዕቃ፣ ክንድህን ይዛ ደፉን አሻግራ አስገባችህና በሩ ተዘጋ። ፊት ለፊት ከነበረች ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። አንድ አምቦ ውኃ ይዤ ሁለት ሰዓት። ባለሱቋን የማን ቤት ነው አልኳት። «የወለላ ነው» አለችኝ። ስሟም ወለላ። «ባል የላትም፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ እኚያ አባት በሳምንት ሁለቴ ይመጣሉ፣ በጣም ትወዳቸዋለች» አለችኝ። ጨምሬ ምን እጠይቃለሁ?

መንገሻ፦ አናጢ ናት። ባለሱቋ ይሄን አልነገረችሽም? የአባቷን ሥራ ወርሳ የምትሠራ አናጢ ናት። ግቢዋ ሙሉ ጣውላ ነው።

ሸዋረገድ፦ ነገረችኝ እንጂ። መጋዙም ሲጮህ ሰምቻለሁ። አናጢ መሆኗ ነው ይበልጥ የገረመኝ። እስቲ አስረዳኝ፦ አንተ እዚህ መጋዝ አለህ፣ መላጊያ አለህ፣ መዶሻ አለህ፣ የጡረታ ስጦታህን በሙሉ ያፈሰስክበት ጋራዥ አለህ። ይሄን ሁሉ ዘግተህ እሷ ዘንድ የምትሄደው ምን ጎድሎህ ነው?

መንገሻ፦ ...እሺ። ሣጥኑን የሠራችው እሷ ናት። ረክተሻል?

ሸዋረገድ፦ አልረካሁም። ለምን?

መንገሻ፦ ልጄ ይዛው የምትወጣው ዕቃ እንዲያምር ፈለግሁ። የኔ ሥራ እንደሚያነክስ አንቺው ተናግረሻል።

ሸዋረገድ፦ ታዲያ «አናጢ ዘንድ አሠራሁት» ማለት ምን ገደደህ? ስንቱ ሰው ያሠራ የለም? በየቀኑ እዚህ ገብተህ በር ዘግተህ መዶሻ የምታንኳኳው፣ እራት ላይ ተቀምጠህ «ዛሬ አንዱን ጎን ጨረስኩ» የምትለኝ፣ ትርሲት ለአማቶቿ «አባቴ በእጁ የሠራልኝ» እያለች ስታወራ አንገትህን ደፍተህ የምትሰማው ለምንድን ነው? ስለ ሣጥን ሰው እንዲህ አይዋሽም። እንዲህ የሚዋሸው ስለ ሌላ ነገር ነው።

መንገሻ፦ ሌላ ነገር የለም።

ሸዋረገድ፦ መንገሻ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። የምትፈራውን ነገር ተናገረው፣ እኔም የምሰማውን ልስማ። ካሁን በኋላ ግን የምስማር ወሬ አልቀበልህም። ወይ ትነግረኛለህ፣ ወይ ዛሬውኑ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰርጉን ከዚያ ሆኜ እደግሳለሁ።

መንገሻ፦ ትሄጃለሽ?

ሸዋረገድ፦ ሻንጣዬን ከቁምሳጥኑ ላይ አውርጃለሁ።

መንገሻ፦ ...እሺ።

ሸዋረገድ፦ ምን እሺ?

መንገሻ፦ እንደጠረጠርሽው ነው።

ሸዋረገድ፦ በአፍህ በለው።

መንገሻ፦ ከወለላ ጋር... ነገር አለኝ።

ሸዋረገድ፦ ነገር?

መንገሻ፦ ነገር። ሌላ ምን ልበለው።

ሸዋረገድ፦ ከመቼ ጀምሮ?

መንገሻ፦ ከኅዳር ጀምሮ። መጨረሻው አካባቢ። ጥፋተኛ ነኝ፣ ይቅርታሽን ለመጠየቅም አፍ የለኝም። ከፈለግሽ ሽማግሌ ጥሪ።

ሸዋረገድ፦ ሻይ ስትጠጣ ስኳር ስንት ታደርጋለች?

መንገሻ፦ ማን?

ሸዋረገድ፦ ውሽማህ ነቻ።

መንገሻ፦ አላስተዋልኩም።

ሸዋረገድ፦ ልጅ አላት?

መንገሻ፦ አልጠየቅኳትም።

ሸዋረገድ፦ ምን ብለህ ነው የምትጠራት?

መንገሻ፦ ወይዘሮ ወለላ።

ሸዋረገድ፦ ውሽማህን ወይዘሮ ትላታለህ?

መንገሻ፦ ...አክብሮት ነው።

ሸዋረገድ፦ እሷስ?

መንገሻ፦ ጋሼ ትለኛለች።

ሸዋረገድ፦ በጣም የተከባበረ ውሽምና ነው። ጥሩ፣ ሽማግሌ ጥሪ አላልከኝም? ሽማግሌ ፊት ደግሞ ቃል ይለዋወጣል፣ አላልኩም ይባላል። ጽፈህ ስጠኝ።

መንገሻ፦ ምን?

ሸዋረገድ፦ ጻፈው። ፊትህ ጣውላ አለ፣ እርሳሱም ጆሮህ ላይ ነው። «እኔ መንገሻ ከወይዘሮ ወለላ ጋር» ብለህ ጻፍና ፈርምበት። ጣውላውን ይዤው እሄዳለሁ።

መንገሻ፦ ልጆች ነን እንዴ? በቃ ተናገርኩ አይደል።

ሸዋረገድ፦ ጻፍ።

መንገሻ፦ መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ።

ሸዋረገድ፦ አፍንጫህ ላይ ነው።

መንገሻ፦ ሸዋዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ተይኝ።

ሸዋረገድ፦ ሠላሳ አምስት ዓመት ጽፈህ በላህ። አምስት ቃል ነው የምልህ። ጻፍ።

መንገሻ፦ ...ይኸው። ይኸው ጻፍኩ። ውሰጂው።

ሸዋረገድ፦ ይሄ ምንድን ነው?

መንገሻ፦ እንዳልሽው ነው። እኔ መንገሻ።

ሸዋረገድ፦ የታለ መንገሻ? ይሄ «እኔ» ነው? የሰሊጥ ፍሬ አክሏል። እየሄደም ያንሳል። መጨረሻው ላይ ያለው ፊደል ነው ወይስ እርሳሱ ስለተንሸራተተ ነው?

መንገሻ፦ እርሳሱ ደንዟል።

ሸዋረገድ፦ እርሳሱ ሹል ነው። የመሥሪያ ቤትህ ሰዎች ካርታ ላይ የሚጻፈውን ስም ሁሉ ላንተ ያመጡልህ የነበሩት በምን ምክንያት ነው? ፊደልህ በማስመሪያ የተሠራ ስለሚመስል አይደለም? የጻፍክልኝን ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አንዱ መስመር ከሌላው ፀጉር አይዛነፍም። መንጌ፣ ስትጽፍ ግራ እጅህን ለምን ቀኝህ ላይ ጫንከው?

መንገሻ፦ ልማድ ነው።

ሸዋረገድ፦ አንሣው እስቲ።

መንገሻ፦ ተይ።

ሸዋረገድ፦ ግራ እጅህን ከላዩ አንሣው።

መንገሻ፦ ...ይኸውልሽ። አየሽው? አሁን እየተንቀጠቀጠች ያለችው ሳላዛት ነው። አቁሚ ብላት አትሰማኝም። ረክተሻል? በቃ፣ ይሄው ነው። ውሽማዬ ይህች ናት።

ሸዋረገድ፦ ከመቼ ጀምሮ?

መንገሻ፦ የጀመረኝ ዐምና በመስከረም ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ብቻ ነበረች። ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ እየዋለ እያደረ እጄን ሁሉ ያዘኝ። ሥራ ስይዝ ይተወኛል፣ ስቀመጥ ይመጣል። እያደር ግን ሥራም ስይዝ አልተወኝ አለ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ የሣጥኑን የመጀመሪያ ጣውላ ልቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዙን አስነሣሁ። ጣውላውን ስገፋ እጄ በራሷ ዘለለች፣ ወደ ምላጩ። እኔ አይደለሁም ያዘዝኳት፣ ሸዋዬ። የሹራቤን እጅጌ ያዘውና ጎተተው። እንዴት እንዳጠፋሁት አላውቅም። ክንዴ ላይ ጭረት እንኳን አልደረሰም፣ እጅጌው ግን እስከ ክርኔ ድረስ ተበጣጠሰ።

ሸዋረገድ፦ ያ አይጥ በላው ያልከኝ ሹራብ?

መንገሻ፦ እሱ ነው።

ሸዋረገድ፦ አይጥ ብለኸኝ የአይጥ መርዝ ገዝቻለሁ እኮ።

መንገሻ፦ አይቻለሁ። ያን ዕለት እዚህ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት። አንቺ ለምሳ ስትጠሪኝ ገና ሥራ አልጨረስኩም አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ መጋዙን አስነሥቼ አላውቅም። መሮም አልያዝኩም። ጠዋት ጠዋት እዚህ ገብቼ በሩን እዘጋና ባዶ ጣውላ በመዶሻ እመታለሁ። ትንሽ አርፋለሁ፣ ደግሞ እመታለሁ። ድምፁን እንድትሰሚው ነው። ሰጋቱራ የለውም፣ ልክ ነሽ።

ሸዋረገድ፦ ወለላስ?

መንገሻ፦ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንደምንም ብዬ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። የመጨረሻዬ እሱ ነው። ዋንዛ መርጬ ልለካ ሜትሩን ስዘረጋ ጫፉ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለኝ። ደግሜ ዘረጋሁ፣ ደግሞ አመለጠኝ። ሰው እንዳያየኝ ዞር ስል አንዲት ሴት አጠገቤ ቆማለች። ምንም አላለችኝም። ጎንበስ ብላ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝና «ያንብቡልኝ ጋሼ» አለችኝ። አነበብኩላት። ለራሷ ሥራ እንጨት ልትገዛ የመጣች አናጢ ነበረች። እየሄድን ስለ ሣጥኑ ነገርኳት፣ ሥሪልኝ አልኳት። «እኔ አልሠራልዎትም፤ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ይሠራሉ፣ እኔ የምቆርጠው እርስዎ ያሉኝን ብቻ ነው» አለችኝ። እንደዚያው ሆነ። ልኩ የኔ ነው፣ ንድፉም የኔ ነው፣ ማዕዘኑ በጥርስ ይያያዝ ያልኩትም እኔ ነኝ። እጁ ብቻ ነው የሷ። አካሉ ሲያልቅ አንቺ በሌለሽበት ሰዓት አሸክማ ላከችልኝ። ክንዴን የያዘችኝ ደፉ ከፍ ስለሚል ነው። አንድ ቀን አደናቅፎኝ ነበር።

ሸዋረገድ፦ እሷ ታውቃለች ማለት ነው። የካራ ሴት የምታውቀውን እኔ አላውቅም።

መንገሻ፦ ሁልጊዜ ትቆጣኛለች። ለእትዬ ይንገሯቸው ትላለች። ትናንትማ እምቢ አለች። የቀረው ክዳኑ ብቻ ነው፤ «እስኪነግሯቸው ድረስ አልነካውም» ብላ መጋዟን አስቀመጠች። ስለዚህ ትናንት ሥራ ሳንሠራ ነው ተቀምጠን የዋልነው።

ሸዋረገድ፦ ልክ ናት። አሁን አንድ ነገር መልስልኝ። ውሽማ አለኝ ብለህ ቤትህን ልታፈርስ ቆርጠህ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል ማለት ከዚህ እንዴት ባሰብህ?

መንገሻ፦ ሰምቼሻለሁ።

ሸዋረገድ፦ ምን ስል?

መንገሻ፦ የአባትሽ ዐርባ ዕለት። ሰው ከተበተነ በኋላ ጓዳ ውስጥ ከእህትሽ ጋር ሆናችሁ ስትነጋገሩ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ብርጭቆ እሰበስብ ነበር። አባባ የታመሙት ይሄንኑ ነው፣ ሸዋዬ። በጣት ነው የጀመራቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቺ ነሽ ያጎረስሻቸው፣ አንቺ ነሽ ያጠብሻቸው፣ ሌሊት ሲገላበጡ የምትነሺው አንቺ ነበርሽ። ወገብሽ እንደዚያ የሆነው በዚያ ነው። ያን ዕለት ለእህትሽ ምን እንዳልሽ ቃል በቃል ልነግርሽ እችላለሁ። «ይሄን በሽታ ዳግመኛ በቤቴ ካየሁት ጨርቄን ጥዬ ነው የምሄደው» ነው ያልሽው።

ሸዋረገድ፦ ብያለሁ።

መንገሻ፦ ብለሻል። አልፈረድኩብሽም። እውነትሽን ነው። ስለዚህ ቢያንስ ልጃችን እስክትዳር አላሳይሽም አልኩ። ከዚያ በኋላ ብትሄጂ አልቀየምሽም። በሌላ ሴት ተናደሽ ብትሄጂ ደግሞ ይሻላል፤ ጥፋቱ የኔ ይሆናል። በሽታ ፈርታ ሄደች ተብሎ ስምሽ አይነሣም።

ሸዋረገድ፦ ጨረስክ?

መንገሻ፦ ጨረስኩ።

ሸዋረገድ፦ እንግዲህ እኔን ስማኝ። አባዬ በሽታው እንደያዘው ሁለት ዓመት ደብቆናል። እጁን ኪሱ ከትቶ ይውል ነበር። ሰው ፊት አይበላም፣ ጠገብኩ ይላል። ሻይ ሲቀርብለት ይቀዝቅዝ ይላል። እኛ ደግሞ ከፋን፣ ልጆቹን ናቀ፣ ቤታችንን ጠላ ብለን ተቀየምነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በደንብ አላናገርኩትም፣ መንገሻ። ወድቆ ዳሌው ሲሰበር ነው ሐኪም ያየው። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «በጊዜው ቢመጡ መድኃኒት ነበረው፣ ብዙ ዓመት በእግራቸው ይሄዱ ነበር» አለኝ። ያን ዕለት ጓዳ ውስጥ ያወራሁት ስለ ዘጠኙ ዓመት መስሎህ ነበር? ማጉረስ አልከበደኝም። ማጠብም አልከበደኝም። የገደለኝ ያቺ ያኮረፍኩባት ዓመት ናት። ዳግመኛ አላይም ያልኩት እሱን ነው፤ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እየታመመ ሲደብቀኝ።

መንገሻ፦ ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።

ሸዋረገድ፦ አንተስ የሰማኸውን መች ጠየቅኸኝ? አሥራ አንድ ዓመት በሆድህ ይዘኸው ተኛህ።

መንገሻ፦ ግን እውነቱን ንገሪኝ። እንደሳቸው ብሆንስ? ማንኪያ መያዝ ቢያቅተኝስ?

ሸዋረገድ፦ አባቴን እኔ አልመረጥኩትም፣ ተሰጥቶኝ ነው። አንተን ግን ሁለት ጠያቂ መልሼ ነው የመረጥኩህ። አንደኛው ወፍጮ ቤት የነበረው ነው።

መንገሻ፦ ከተማውን ወፍጮ በወፍጮ ያደረገው?

ሸዋረገድ፦ እሱ። በል አሁን ተቀመጥ፣ ቆመህ እየደከምክ ነው። በርጩማዋን ሳብ አድርጋት። ማክሰኞ ካራ አብረን ነው የምንሄደው። ወለላን «ነግሬያታለሁ» ትላታለህ፣ እኔ ደግሞ ስለጠረጠርኳት በሆዴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ክዳኑን ትለካላችሁ፣ ትቆርጣለች። ቫርኒሹን እኔ እቀባለሁ።

መንገሻ፦ ቫርኒሽ ቀብተሽ አታውቂም።

ሸዋረገድ፦ አንተ ታሳየኛለህ። እሷን እንዳሳየኻት።

መንገሻ፦ ትርሲትስ? የኔ ሥራ ነው ብላ ለሰው ሁሉ ተናግራለች።

ሸዋረገድ፦ ለትርሲት ነገ ከቅዳሴ መልስ ትነግራታለህ። ራስህ፣ በአፍህ፣ እኔ አጠገብህ ሆኜ። ልኩ የአባቷ፣ እጁ የወለላ ነው እንበላት። ልጅህ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ከዚያ ሣጥኑን ይዛው ትወጣለች፤ ክብሩ አይቀንስም።

መንገሻ፦ እሺ። ነገ እነግራታለሁ። ሐኪሙን ግን ከሰርጉ በኋላ እናድርገው።

ሸዋረገድ፦ ሐኪሙ ሐሙስ ነው።

መንገሻ፦ የቱ ሐሙስ?

ሸዋረገድ፦ የፊታችን ሐሙስ። ጠዋት በሁለት ሰዓት የነርቭ ሐኪም ዘንድ እንቀርባለን። ስምህ ተመዝግቧል።

መንገሻ፦ አይሆንም፣ ተሳስተሻል። እኔ ራሴ ባለፈው ወር ስልክ ደውዬ ጠይቄ ነበር። ፈርቼ ሳልመዘገብ ዘጋሁት እንጂ፣ ወረፋው ሁለት ወር ነው ብለውኛል። ቅዳሜ ነግሬሽ ለሐሙስ አይገኝም።

ሸዋረገድ፦ አዎ፣ ሁለት ወር ነው። የጥምቀት ማግሥት ነው የያዝኩት።

መንገሻ፦ የጥምቀት?

ሸዋረገድ፦ በገና ዕለት እንግዶቹ ተቀምጠው ዳቦውን እንድትቆርስ ቢላዋውን ሰጠሁህ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ዳቦ ቆርሰህልኛል፣ ለማንም አሳልፈህ ሰጥተህ አታውቅም። ያን ዕለት «ዛሬ እንግዳ ይቁረስ» ብለህ ቢላዋውን ለጎረቤታችን አቀበልከው። ሁሉም ትሕትና መሰላቸው። እኔ ግን ቢላዋውን ስታቀብል ጫፉ ሳሕኑን እንዴት እንደነካው ሰማሁ። ቶሎ ቶሎ፣ ደጋግሞ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባዬም ማንኪያ ሲይዝ እንደዚያ ነበር የሚያሰማው።

መንገሻ፦ ከገና ጀምሮ ታውቂያለሽ?

ሸዋረገድ፦ ፈራሁ እንጂ አወቅሁ አልልም። ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነው የከረምኩት። አንተ እስክትነግረኝም ጠበቅሁህ። አልነገርከኝም።

መንገሻ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ስለ ሴት ምን አናገረሽ? ኮቱን አሽትት፣ ስሟን ጻፍ፣ ሻንጣ አወረድኩ... እያወቅሽ?

ሸዋረገድ፦ ማክሰኞ ያ ቀይ በር ተከፍቶ ሴትየዋ ክንድህን ስትይዝህ ሳይ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተሳልኩ።

መንገሻ፦ ምን ብለሽ?

ሸዋረገድ፦ ውሽማው ትሁንልኝ ብዬ።